የገጽ ነርቭ ዕጢ በጨቅላ ሕፃናት፦ ለማወቅ መፍጠን፣ ለመቁረጥ መታገሥ

የመልክዕ ደራስያን አንድን ቅዱስ ሊያመሰግኑ ሲነሡ ከሥዕርተ ርእስ ጀምረው እስከ እግር ጥፍር ድረስ እያንዳንዱን የአካል ክፍል በየተራው ሰላም እያሉ እንደሚወርዱ፣ ከገጽ ላይ ሲደርሱም መቸኮልን ትተው ከቀራንብት ወደ አዕይንት፣ ከአዕይንት ወደ አእዛንና ወደ መላትሕ፣ ከዚያም ወደ አእናፍ፣ ወደ ከናፍርና ወደ አፍ እየተሸጋገሩ እንደሚዘገዩ፣ ድርሰቱን በጸሎት ጊዜ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ከአካሉ ሁሉ ይልቅ በገጹ እንደሚገለጥ ስለ ተረዱ ይመስለኛል፣ ለዚህች አንዲት ጋት ለምትሆን ስፍራ ይህን ያህል ስንኝ የመደቡላት። ቀራንብትን የሚከድነው፣ መላትሕን የሚያነሣው፣ አእናፍን የሚያሰፋው፣ ከናፍርን የሚሰበስበው ትእዛዝ ሁሉ በግራም በቀኝም በየወገኑ በአንድ ነርቭ በኩል እንደሚመጣ ግን የሥነ አካል ሊቃውንት ናቸው የገለጡልን። ይህም ከ12ቱ ጥንድ የራስ ነርቮች ሰባተኛው፣ የገጽ ነርቭ የተባለው ነው።

ነርቩ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ፊት እስኪደርስ የሚሄድበት መንገድ እጅግ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። መጀመሪያ ከመስማት ነርቭ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ ወደ ጆሮ አጥንት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን፣ በአጥንት ውስጥ በተፈለፈለ ቦይ፣ ሁለት ጊዜ እየታጠፈ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በመጨረሻም ከጆሮ በታች ባለች ቀዳዳ ወጥቶ፣ በጉንጭ ውስጥ የተቀመጠውን የምራቅ ዕጢ ሰንጥቆ ሲያልፍ በአምስት ቅርንጫፍ ተከፍሎ በግንባር፣ በዓይን ዙሪያ፣ በጉንጭ፣ በአገጭና በአንገት ላይ ይበተናል። ይህን የአጥንት ቦይ እ.ኤ.አ. በ1561 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የገለጠው ጣሊያናዊው ገብርኤሌ ፋሎፒዮ ስለ ሆነ ቦዩ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ወደ ቦዩ መግቢያ የሆነችው ጉሮሮ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስፋት ሲኖራት፣ 10,000 ያህል የሚሆኑ ክሮች ተጨናንቀው የሚያልፉት በዚያች ነው። ጡንቻ ወይም ሥብ በመካከሉ ያበጠ ነገር ሲገፋው ይሸሻል፤ አጥንት ግን አይሸሽም። ስለዚህ በሆድ ወይም በጭን ውስጥ ቢበቅል ዘመኑን ሙሉ ሳይታወቅ ሊኖር የሚችል፣ ምስር የምታህል እብጠት፣ በዚህ ቦይ ውስጥ ስትበቅል የፊትን እኩሌታ ታጠፋለች።

ዕጢ የሚለው ቃል በቋንቋችን ለጤነኛውም ለበሽታውም፣ ምራቅ ለሚያመነጨውም ያለ ቦታው ለበቀለውም የሚያገለግል በመሆኑ፣ ሐኪም «ዕጢ አለ» ባለ ጊዜ ወላጅ የሚሰማው ቃል ካንሰር ብቻ ነው። እዚህ የምንናገርለት ዕጢ ካንሰር አይደለም። ከዚህ ወገን ዋነኛው ሽዋኖማ ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው የነርቭን ክር እንደ ሰገባ የሚለብሱትን ሕዋሳት ካስታወቀው ከጀርመናዊው ሊቅ ከቴዎዶር ሽዋን ነው። እነዚህ የሰገባ ሕዋሳት ከልካቸው አልፈው ሲባዙ ዕጢ ይሆናሉ፤ ዕጢውም በዝግታ ያድጋል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሰደድም፤ አንዳንዴም ለዓመታት ሳያድግ ባለበት ይቆያል። ሁለተኛው ወገን በነርቩ የመጀመሪያ እጥፋት ላይ የሚገኝ የደም ሥሮች ውስብስብ ሲሆን፣ ቀድሞ ሄማንጂዮማ ይባል የነበረው ዛሬ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ዕጢ ሳይሆን የደም መላሽ ሥር የአፈጣጠር ጉድለት ነው ተብሎ ታውቋል። የስሙ መለወጥ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ ከተማ በቦርዶ ፕሮፕራኖሎል የተባለው የልብ መድኃኒት የሕፃናትን ሄማንጂዮማ እንደሚያከስም ታውቆ ዓለም ሁሉ ሲገለገልበት፣ በጆሮ አጥንት ውስጥ ያለውን ይህን ሌላውን ነገር በስም ተመሳሳይነት ብቻ በዚያው መድኃኒት ይድናል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ይሆናል።

እንዲህ ያለው ዕጢ በማንኛውም ዕድሜ ብርቅ ነው፤ በጨቅላ ሕፃን ላይ ደግሞ ከብርቅም ብርቅ ነው። የሚያስቸግረውም አንዱ ይህ ብርቅነቱ ነው፤ ሌላው ገና ያልተናገረ ፊት ምሥጢሩን ደባቂ መሆኑ ነው። አዋቂ ሰው በማለዳ መስተዋት ፊት ቆሞ አፉ ወደ አንድ ወገን መሄዱን ያያል፤ ሾርባው ከከንፈሩ ሲፈስስ ይሰማዋል፤ ይናገራልም። የሕፃን ጉንጭ ግን በሥብ የተሞላና ቆዳው የተወጠረ ስለ ሆነ፣ ነርቩ ቢሞት እንኳ ሕፃኑ ዝም ባለ ጊዜ ፊቱ ቀጥ ያለ ይመስላል። ጉድለቱ የሚገለጠው ሲያለቅስ ነው፤ ያን ጊዜ ጤነኛው ወገን ተኮማትሮ አፉን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ የታመመው ወገን ግን ለስልሶ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች የታመመውን ወገን ደኅና፣ ደኅናውን ጠማማ አድርገው ያያሉ። ሌላው ምልክት በእንቅልፍ ጊዜ ያልተከደነ ዓይን ነው፤ ሌላው ከአፍ ጥግ የሚወርድ ወተት ነው። እነዚህን ሁሉ የምታየው እናት ናት። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና በሚነሣበት ሰሞን ሕፃን ለእናቱ የመጀመሪያውን እውነተኛ ፈገግታ መስጠት ይጀምራል፤ ያ ፈገግታ በአንድ ጉንጭ ብቻ የመጣ እንደ ሆነ፣ ከእርሷ ቀድሞ የሚያውቀው ሐኪም የለም።

በእርግጥ ፊቱ ተጣሞ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ዕጢ አለበት ማለት ፈጽሞ አይደለም። ከጆሮ በስተኋላ ያለው የአጥንት ጉብታ በልደት ጊዜ ገና ስላልበቀለ ነርቩ ከቆዳ በታች ያለ መከታ ይገኛል፤ ምጥ ሲጸና ወይም አዋላጁ መቆንጠጫ ሲጠቀም ይጫናል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ አንዳች ሕክምና ይመለሳሉ። አንዳንዱ ሕፃን ነርቩ ሳይሆን የታችኛውን ከንፈር ወደ ታች የምትስበው አንዲት ትንሽ ጡንቻ ጎድላው ይወለዳል፤ ዓይኑ ይከደናል፣ ግንባሩ ይጨማደዳል፣ በልቅሶ ጊዜ ብቻ አፉ ይዛነፋል፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ልቡን መመርመር ይገባል እንጂ ጆሮውን መቅደድ አያስፈልግም። የጆሮ ውስጥ ቁስልም ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። ጥያቄው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መካከል ያን አንዱን፣ ዕጢ ያለበትን ሕፃን፣ በምን እንለየዋለን የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠትን ለረጅም ዘመን የከለከለው የእውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን የስም መብዛት ነበር ብዬ አምናለሁ። በአገራችን ፊቱ የተጣመመን ሰው «ብርድ መታው»፣ «ነፋስ ነካው» ማለት የተለመደ ነው፤ ይህንንም ሰምቶ የሚንቅ የተማረ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ፈረንሳዮች ይህንኑ በሽታ እስካሁን ድረስ በላቲን ቃል «አ ፍሪጎሬ»፣ ማለት ከብርድ የመጣ እያሉ ይጠሩታል። የፋርሱ ሐኪም አል ራዚ ስለዚህ በሽታ በጻፈ 900 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ የኤድንብራው ተወላጅ ቻርልስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1821 ዓ.ም. ስለ ገጽ ነርቮች ያደረገውን ምርምር ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ ምክንያቱ ያልታወቀ የፊት ሽባነት ሁሉ በእርሱ ስም «የቤል ሽባነት» ይባል ጀመር። ስሙ ከብርዱና ከነፋሱ ይልቅ የሊቅ ስም ስለ ሆነ የከበረ ይመስላል፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ጠያቂውን ያሰናብታል። እናት «ነፋስ ነው» ተብላ ከቤቷ እንደምትቀር ሁሉ «ቤል ነው» ተብላም ከሐኪም ቤት ትመለሳለች፤ ምርመራውም በሁለቱም ስሞች ዘንድ እኩል ይዘጋል።

የቤል ሽባነት በእውነት አለ፤ ብዙም ነው፤ ነገር ግን የራሱ ጠባይና የራሱ የጊዜ ልክ አለው። የዴንማርኩ ሐኪም ኤሪክ ፓይተርሰን በኮፐንሃገን ለ25 ዓመት በትዕግሥት የተከታተላቸውን 2,570 ሕሙማን መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ከእነዚህ መካከል ምክንያቱ ያልተገኘላቸው 1,701 ሰዎች ያለ መድኃኒት እንዴት እንደ ሆኑ ገልጧል፤ ከ100ው 85ቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ የመመለስ ምልክት አሳዩ፣ የቀሩትም ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ጥቂት መንቀሳቀስ ጀመሩ። ልጆች ደግሞ ከአዋቂዎች ይልቅ ይድናሉ፤ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ሆስፒታሎች 187 ልጆችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱትም ያልወሰዱትም በስድስት ወር ውስጥ ከ10ሩ ከ9ኙ በላይ ፊታቸው ተመልሶላቸዋል። ከዚህ የሚከተለውን ትምህርት ወላጅ ሁሉ ሊይዘው ይገባል። ድንገት መጥቶ መመለስ የጀመረ ሽባነት የቤል ሊሆን ይችላል፤ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየባሰ የሚሄድ፣ ወይም ከመድከሙ በፊት ጉንጭን የሚያርገበግብ፣ ወይም በዚያው ወገን የሚመላለስ፣ ወይም ከመስማት ጉድለት ጋር የመጣ፣ ወይም ወራት አልፈውት አንድ ጡንቻ እንኳ ያልተንቀሳቀሰበት ግን ቤል አይደለም፤ ስሙን ሽሮ እንደ ገና መጠየቅ ግዴታ ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሲሆን እንዲያውም ቤል የሚለውን ቃል ከሁሉ በኋላ እንጂ ከሁሉ በፊት ማንሣት አይገባም።

እንደ ገና ለመጠየቅ የሚያስችለው መሣሪያ የተገኘው በእኛው ዘመን ነው። በሲቲ ስካን የመጀመሪያው ሕመምተኛ በለንደን የተመረመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኤም አር አይ የሰው አካል የታየው በ1977 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው አጥንቱን ያሳያል፤ ቦዩ መስፋቱን፣ ግድግዳው መበላቱን ይነግራል። ሁለተኛው ለስላሳውን አካል ያሳያል፤ ጋዶሊኒየም የተባለው አጉሊ ፈሳሽ በደም ሥር ሲሰጥ ዕጢው እንደ ፋና በርቶ ይታያል። ከዚህ በፊት ሐኪሙ ዕጢውን የሚያገኘው አጥንቱን ከፍቶ በዓይኑ ሲያየው ነበር፤ አንዳንዴም ምንነቱን ሳያውቅ ለምርመራ ቁራጭ ሲወስድ፣ በዚያች ቁራጭ የቀረውን እንቅስቃሴ ሁሉ ይወስድ ነበር፤ ዕጢውና ነርቩ የማይለያዩ ናቸውና።

ማየት ከተቻለ ወዲህ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በቀዶ ጥገና ሐኪሞች ኅሊና ላይ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይህ ነው። የቀድሞው ሥርዐት የማያሻማ ነበር፤ ዕጢ ከተገኘ ይወጣል። ለንደናዊው ቻርልስ ባላንስና የኒው ዮርኩ አርተር ዱኤል እ.ኤ.አ. በ1932 ዓ.ም. ከሌላ ስፍራ የተወሰደ የነርቭ ቁራጭ በፋሎፒዮ ቦይ ውስጥ ተተክሎ ሊበቅል እንደሚችል ካሳዩ፣ ሎስ አንጀለሳዊው ዊልያም ሐውስም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የማጉያ መነጽርን ወደ ጆሮ አጥንት ጥልቀት ካስገባ በኋላ፣ ዕጢውን ከነነርቩ ቈርጦ ማውጣትና በስፍራው ከአንገት ወይም ከእግር ባት የተወሰደ ነርቭ መትከል የተፈተነ መንገድ ሆነ። ነገር ግን ያው ሐውስና ባልደረባው ብራክማን እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. የፊትን እንቅስቃሴ በስድስት ደረጃ የሚመዝነውን መለኪያ ለዓለም ካቀረቡ ወዲህ፣ ሐኪሞች ራሳቸውን በቁጥር መመርመር ጀመሩ፤ የተገኘውም ቁጥር የሚያስተክዝ ነበር። አንደኛው ደረጃ ጤነኛ ፊት ነው፤ ስድስተኛው የጸጥታ ፊት ነው። ተክል ነርቭ የተደረገለት ሰው፣ ሥራው እጅግ ቢሠምርለት፣ የሚደርሰው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ዓይኑ በጥረት ይከደናል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ነገር ግን ሲስቅ ዓይኑ አብሮ ይጠባል፤ ዓይኑን ሲከድን ከንፈሩ ይሳባል፤ የበቀሉት ክሮች ቀድሞ የነበሩበትን ቤት ለይተው አያውቁምና።

እንግዲህ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ፣ ዕጢው በዝግታ የሚያድግ ወይም የማያድግ፣ የማይገድልም ሰው፣ ለምን ዛሬ ተቈርጦ ወደ ሦስተኛ ይውረድ? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሐኪሞች በእርሱ ላይ ተስማምተው ሥራቸውን እስኪለውጡ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ በታላላቅ የጆሮና የራስ ቅል ሕክምና ስፍራዎች የተለመደው ምክር፣ ፊቱ ከሦስተኛው ደረጃ የተሻለ እስከ ሆነ ድረስ ዕጢውን በየጊዜው በኤም አር አይ እየተመለከቱ መጠበቅ፣ አስፈላጊ ሲሆን አጥንቱን ብቻ ከፍቶ ለነርቩ ስፍራ መስጠት፣ ፊቱ ከሦስተኛው በታች ሲወርድ ወይም ዕጢው አንጎልን ሲገፋ ብቻ ወደ ቈረጣና ወደ ተከላ መሄድ ነው። ሐኪም እጁን ሰብስቦ መቆየቱን እንደ ስንፍና ሳይሆን እንደ ጥበብ ለመቀበል መቻሉን፣ ከማናቸውም አዲስ መሣሪያ ይልቅ አከብረዋለሁ።

ጨቅላው ሕፃን ግን ይህን መልካም ሥርዐት ያስቸግረዋል። አንደኛ፣ መለኪያው የተሠራው «ግንባርህን ጨማድድ፣ ጥርስህን አሳይ» ሲባል ለሚታዘዝ ሰው ነው፤ ሕፃኑ አይታዘዝም፣ ሐኪሙ የሚለካው በልቅሶው ነው። ሁለተኛ፣ ዕጢው ሲገኝ ሽባነቱ አብዛኛውን ጊዜ ተፈጽሞ ይቈያል፤ የሚጠበቅ እንቅስቃሴ ከሌለ መጠበቅ ምን ይጠቅማል? ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። ትእዛዝ የማይደርሰው ጡንቻ ለዘለዓለም አይጠብቅም፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥጋነቱን እያጣ ሄዶ፣ በኋላ ነርቭ ቢመጣለት እንኳ የማይቀበል ይሆናል። የነርቭ ክር የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከጆሮ እስከ ከንፈር ያለው መንገድም ወራትን ይፈጃል። ስለዚህ ሐኪሙ «በቤል ስም» ስድስት ወር ካጠፋ፣ የኤም አር አይ ተራ ለመጠበቅና ሕፃኑን ለማደንዘዝ ሌላ ጥቂት ወር ከሄደ፣ የቀረው ዘመን ጠባብ ነው። ለአዋቂው የተባለው ትዕግሥት ለሕፃኑ መዘግየት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ መያዝ ይገባል፤ ምንነቱን በማወቅ ረገድ ሕፃኑ ከማንም ይልቅ ፈጥኖ መመርመር አለበት፤ ቢላዋን በማንሣት ረገድ ግን፣ እንቅስቃሴ የቀረለት እንደ ሆነ፣ ከማንም ይልቅ ሊታገሡለት ይገባል፤ ያ ፊት 70 ዓመት ይለበሳልና። በጨረር ዕጢውን ማድረቅም ለአዋቂዎች የሚሰጥ ሕክምና ሲሆን፣ ረጅም ዕድሜ በፊቱ ላለ ሕፃን ግን ጨረሩ ራሱ በኋለኛው ዘመን ክፉ ዕጢ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሞች ይሸሹታል።

ከዚህ ጋር ሊዘነጋ የማይገባው የዘር ጉዳይ ነው። በሃያ ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. የታወቀ፣ መርሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን ሲበላሽ፣ ሰው በብዙ ነርቮቹ ላይ ሽዋኖማ ያበቅላል፤ በተለይም በሁለቱም የመስማት ነርቮቹ ላይ። በአዋቂ ላይ ይህ ደዌ በጆሮ ድንቁርና ይጀምራል፤ በሕፃን ላይ ግን የመጀመሪያው ምልክት የዓይን ሞራ ወይም የፊት ሽባነት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ዕጢው በምስል ሳይታይ ሽባነቱ ይቀድማል። ስለዚህ የገጽ ነርቭ ሽዋኖማ የተገኘበት ሕፃን ሌላው ጆሮው፣ ዓይኑና አከርካሪው ሊታይ፣ ወላጆቹም ስለ ዘራቸው ሊጠየቁ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ፣ ወይም በአገራችን እንደሚሆነው ኤም አር አይ ወዳለበት ከተማ የሚያደርስ ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ፣ ያለ ምንም መሣሪያ በዚያችው ቀን ሊጀመር የሚገባው ነገር የዓይን ጥበቃ ነው። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፤ የደረቀው የዓይን ፊት ይቆስላል፤ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፊት ቢመለስ ብርሃን አይመለስም። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ሌሊት ቅባትና ቆቡን የሚይዝ ለስላሳ ፕላስተር ይበቃዋል። ነገር ግን ዓይኑን ቀኑን ሙሉ ሸፍኖ መተው አይገባም፤ በጨቅላነቱ ብርሃን የተከለከለ ዓይን ማየትን ሳይማር ይቀራልና። ሌላው በወላጅ እጅ ያለ ነገር ማስረጃ ነው፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ሲስቅና ሲተኛ በየሳምንቱ በስልክ የተነሣ፣ ቀኑ የታወቀ ፎቶግራፍና ቪዲዮ፣ ሽባነቱ በአንድ ሌሊት የመጣ ወይም ቀስ በቀስ የገባ መሆኑን ከማንኛውም የቃል ታሪክ ይልቅ ለሐኪሙ ያስረዳዋል።

ዘግይቶ የተገኘ፣ ጡንቻው የሞተበት ልጅም ቢሆን ተስፋው አልተቈረጠም። ጃፓናዊው ሐሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ካሳየው ወዲህ ከውስጠኛው ጭን የተወሰደ ቀጭን ጡንቻ ከነደም ሥሩና ከነነርቩ ወደ ጉንጭ ይሻገራል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ልጁ አምስት ዓመት ያህል ሲሆነው፣ ትምህርት ቤት በሚገባበት ሰሞን ነው። አዲሱ ጡንቻ ከጤነኛው ጉንጭ በተዘረጋ ነርቭ ሊነዳ ይችላል፤ ወይም የማኘኪያ ጡንቻን ከሚያዝዘው ነርቭ ጋር ይቀጠላል። ይህኛው መንገድ የተመረጠለት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈገግ ለማለት ጥርሱን መንከስ አለበት፤ መስተዋት ፊት ተቀምጦ፣ እናቱ ከጎኑ ሆና፣ ነክሶ ፈገግ ይላል፣ ለቆ ያርፋል፣ እንደ ገና ነክሶ ፈገግ ይላል፤ ከብዙ ልምምድ በኋላም ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጥርሳቸውን ሳይነክሱ መሳቅ ይለምዳሉ።